አንድ ዘር፣ ሁለት አፍ

(ለሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ መምህራን፣

በቋንቋችን አንድ የቆየ ክርክር በሁለት ተረት ተይዟል። አንዱ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ሌላው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ፍጥረት የወላጁ ነው ባይ ነው፤ ሁለተኛው የዋለበት ነው ባይ። እኛም በክፍል ውስጥ ሳናስበው ይህንኑ ክርክር እናስተምራለን። በአንድ ምዕራፍ የሜንዴልን አተር፣ በሌላ ምዕራፍ የአካባቢን ተጽዕኖ እናስረዳለን፤ ተማሪው «ታዲያ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ «ሁለቱም» ብለን እናልፋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ እያልሁ አልፌአለሁ። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ምንም አያስረዳም። ዛሬ የመጣሁት ጥያቄው ራሱ የተጣመመ መሆኑን አንድ ትል እንዴት እንዳስተማረኝ ልነግራችሁ ነው።

ትሉ ፕሪስቲዮንከስ ፓሲፊከስ ይባላል። ከድቡልቡል ትሎች ወገን ነው፤ ከወስፋት ጋር በሩቁ ይዛመዳል። ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና ላይ ከተገኘ ናሙና ተነሥቶ በ1996 እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ይበልጡን የተጠናው ጀርመን ቱቢንገን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም፣ ራልፍ ሶመር በሚመሩት ቡድን ነው። በተፈጥሮ ኑሮው ከጥንዚዛ ጋር ነው። በእጭነቱ ጥንዚዛው ላይ ይወጣል፤ አይበላውም፣ አያቆስለውም፤ ይጠብቃል። ጥንዚዛው ሲሞት ሬሳው ላይ ባክቴሪያ ይፈላል። ያን ጊዜ ትሉ ያቋረጠውን ዕድገት ይቀጥላል፣ ባክቴሪያውን ይበላል፣ ይራባል። ሬሳው ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ሌሎች ትሎችም ይመጣሉ። ድግሱ ትንሽ ነው፤ እንግዳው ብዙ ነው።

አሁን አፉን ተመልከቱ። ይህ ትል ሲያድግ ከሁለት ዓይነት አፍ አንዱን ያወጣል። የመጀመሪያው ጠባብ ነው፤ አንድ ትንሽ ጥርስ ብቻ አለበት፤ ባክቴሪያ ከመብላት በቀር ለሌላ አይሆንም። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ሁለት ትላልቅ ጥርሶች ፊት ለፊት ቆመውበታል፤ ሌላ ትል ነክሶ፣ ቆዳውን ቀድዶ፣ የውስጡን ይመጥበታል። በመካከል ያለ አፍ የለም። ትሉ ከልጅነት ወደ ዐዋቂነት ሲያልፍ ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል፤ ከዚያ ወዲህ አፉ እስኪሞት ድረስ አይለወጥም።

አብዛኞቹ የዚህ ዝርያ ትሎች ወንድም ሴትም በአንድ አካል ናቸው፤ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ከአንድ ትል የተነሣ መስመር በዚህ መንገድ ሲራባ ልጆቹ ሁሉ እንደ መንታ ወንድማማቾች በዘረ-መል አንድ ይሆናሉ። እነዚህን አንድ የሆኑ ትሎች በአንድ ሳህን፣ በአንድ ምግብ፣ በአንድ ሙቀት አሳድጓቸው። በቤተ ሙከራው በብዛት በሚጠቀሙበት የፓሳዴናው መስመር አብዛኞቹ ሰፊ አፍ ያወጣሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ጠባብ። ዘራቸው አንድ፣ ሰፈራቸው አንድ፣ አፋቸው ሁለት! መጀመሪያ ይህን ሳነብ ሁለቱ ተረቶቻችን በአንድ ጊዜ ዝም ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።

ሳይንቲስቶቹ ግን ዝም አላሉም። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እነዚሁ ትሎች በረጋ ጄሊ ላይ ሳይሆን በሚናወጥ ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ አብዛኞቹ ጠባብ አፍ እንደሚያወጡ አሳየ። ወደ ጄሊው ሲመለሱ ልጆቻቸው እንደገና ሰፊ አፍ ያወጣሉ። መንጋው ሲጨናነቅም ነገሩ ይለወጣል። ትሎቹ አስካሮሳይድ የሚባሉ ኬሚካሎችን ወደ አካባቢያቸው ያወጣሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲበዙ የሚያድጉት ልጆች ወደ ሰፊው አፍ ያዘነብላሉ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ሲበዛ ባክቴሪያው ያልቃል፣ ያን ጊዜ ጎረቤትን መብላት የሚችል ይተርፋል። ታዲያ ሁሉም ሁልጊዜ ሰፊ አፍ ለምን አያወጡም? ዋጋ ስላለው ነው። ባለ ጠባብ አፎቹ በጥቂት ሰዓታት ቀድመው ለዐቅመ መራባት ይደርሳሉ። ዕድሜው በአራት ቀን ከእንቁላል እስከ እናትነት ለሚደርስ ፍጥረት ጥቂት ሰዓት ብዙ ነው፤ ምግብ በሞላበት ቦታ የቀደመ ነው የሚበዛው።

በዘርፉ ይህን ችሎታ የሚጠሩበትን ቃል እኔ «የዕድገት ተለማጭነት» ብዬ እተረጉመዋለሁ። እርጥብ ልምጭ ሲያጎብጡት ይጎብጣል፤ በጎበጠበት ከደረቀ ደግሞ አይመለስም። ትሉም እንዲሁ ነው፤ በልጅነቱ ይለመጣል፣ ከመጨረሻው የቆዳ ግፈፋ በኋላ ይደርቃል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ለሁለተኛው ተረት የሚያደላ ይመስላል። የሚቀጥለው ነው ነገሩን የሚገለብጠው።

በ2013 የሶመር ቡድን በኬሚካል ዘረ-መላቸው የተነካ ትሎችን አርብቶ፣ አንድ በአንድ አፋቸውን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ፣ ሰፊ አፍ ጨርሶ የማያወጡ መስመሮችን ፈለገ። ተገኙ። ቢጨናነቁም፣ ጄሊ ላይ ቢያድጉም ጠባብ አፍ ብቻ። የተበላሸባቸውን ዘረ-መል ተከታትለው ሲደርሱበት ዩድ-1 ብለው ሰየሙት። ከዚያ ግልባጩን ሞከሩ፤ ዩድ-1 ከወትሮው በላይ እንዲሠራ የተደረገባቸው ትሎች ሁሉም ሰፊ አፍ አወጡ። አንድ ዘረ-መል ሲጠፋ ሁሉም ጠባብ፣ ሲበዛ ሁሉም ሰፊ። ይህ በትክክል የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ባሕርይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለክፍላችን የሚሆን ውብ ምሳሌ ስላለ ነው። የዚህ ዝርያ ወንዶች ጥቂት ናቸው፣ አፋቸውም አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው። ለምን? ዩድ-1 ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ራሳቸውን የሚያዳቅሉት ሁለት ኤክስ አላቸው፤ ወንዶቹ አንድ ብቻ። ማብሪያው በመጠን የሚሠራ ስለሆነ ግማሽ መጠን ያለው ወንድ ወደ ጠባቡ ያዘነብላል። ፆታን ለማስተማር የምንጠቀምበት የኤክስ ክሮሞሶም ሒሳብ እዚህ ጥርስ ሲቆጥር ታዩታላችሁ።

ዩድ-1 የሚያሠራው ነገር ሰልፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ሥራው ከሌሎች ሞለኪውሎች ላይ ሰልፌት የሚባለውን፣ ድኝ ያለበትን ትንሽ የኬሚካል ክፍል መንቀል ነው። የሚሠራውም በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ነው። በ2018 ደግሞ ተቃራኒውን የሚያደርግ፣ ሰልፌት የሚተክል ኢንዛይም የሚሠራ ሌላ ዘረ-መል በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ተገኘ፤ እርሱ ሲጠፋ ትሎቹ ወደ ሰፊው አፍ ይሄዳሉ። አንዱ ይነቅላል፣ ሌላው ይተክላል፤ በመካከላቸው ያለው ሚዛን አፉን ይወስናል።

ልብ በሉ፤ ዩድ-1 የጥርስ ዘረ-መል አይደለም። ጥርሱን የሚገነቡት ሌሎች ናቸው። ዩድ-1 የጠፋበት ትል ያጣው ምርጫውን ነው። ሰፈሩ «ተጨናንቀናል» ብሎ ቢጮህ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። አካባቢ በትሉ ላይ ሥልጣን ያገኘው ይህን ጆሮ የሚሠራ ዘረ-መል ስላለ ነው። ጆሮውም ከመስመር መስመር ይለያያል። ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ከሬዩንየን የመጣ አንድ መስመር አብዛኞቹ ትሎቹ ጠባብ አፍ ያወጣሉ፤ የፓሳዴናው በዚያው ሳህን፣ በዚያው ምግብ ሰፊውን ያወጣል። ማለትም ለአካባቢ የሚሰጠው መልስ ራሱ ይወረሳል፣ በትውልድ ብዛትም ይለወጣል። ዘር ከልጓም ይስባል ለሚለው ተረት የእኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ልጓሙም የተፈተለው ከዚያው ከዘሩ ነው።

በንግግሩ መካከል አንዲት መምህርት እጃቸውን አንሥተው «ሰፊ አፍ ያለው ትል የራሱን ልጆች እንዴት አይበላም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከእኔ ማስታወሻ ውስጥ ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ መልስም አለው። አይበላቸውም። የሌላ መስመር ልጆችን ግን፣ ዝርያቸው አንድ ቢሆንም፣ ይነክሳል። በ2019 የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች ሰልፍ-1 የሚባል ዘረ-መል አገኙ። የሚሠራው በጣም አጭር ፕሮቲን ነው፤ ጫፉ ከመስመር መስመር ይለያያል፤ ትሉ ዘመዱን የሚያውቅበት ምልክት ነው። በዚያ ጫፍ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ሲለወጥ ወላጆቹ ልጆቻቸውን እንደ ባዕድ መንከስ ጀመሩ። አደገኛ ጥርስ ያወጣ ፍጥረት ጥርሱን የሚገታበትም ነገር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከትል አፍ ሳልወጣ የሬዩንየንን ነገር ልጨምር። በደሴቱ ላይ ከእኛ ሾላ ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ዛፍ አለ። በፍሬው ውስጥ የሚኖር አንድ የፕሪስቲዮንከስ ዝርያ በ2016 ሲጠና ሁለት ሳይሆን አምስት ዓይነት አፍ እንዳለው ታወቀ። አፎቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚራራቁ በመልካቸው ብቻ ቢፈረጁ የተለያዩ ዝርያዎች ይባሉ ነበር። ዘረ-መላቸው ሲነበብ ግን አንድ ዝርያ ናቸው። በመልክ ብቻ ስም ለምንሰጥ ለእኛ ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ወደ ሌላው፣ ወደ ታዋቂው ትል ልሻገር፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉና። ሴኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ የተባለውን ትል ሲድኒ ብሬነር በ1960ዎቹ ለዘረ-መል ጥናት መረጡት። ሙሉ ዘረ-መሉ በ1998 ሲነበብ ከእንስሳት ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። 302 የነርቭ ሕዋስ ብቻ ነው ያለው። አፉ አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው የሕይወት መንገዱ ነው። እጩ ምግብ ሲያንስ፣ ሰፈሩ ሲጨናነቅ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ጉልምስና መሄዱን ትቶ «ዳወር» ወደሚባል ሁኔታ ይገባል። ቃሉ የጀርመንኛ ነው፤ መቆየት፣ መዝለቅ ማለት ነው። ዳወር የሆነ እጭ አፉ ይደፈናል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ መብላት ያቆማል። መደበኛው ትል ሁለት ሦስት ሳምንት ኖሮ ሲሞት፣ ዳወሩ ወራትን ሳይበላ ይጠብቃል፤ ምግብ ሲያገኝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። በ1975 ስለ ዳወር የጻፉት ተመራማሪዎች ሌሎቹን ትሎች በሚገድል የሳሙና ዓይነት ኬሚካል ውስጥ ዳወር እንደማይሞት አሳዩ። ይህ ለዘረ-መል ተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ሺህ ትል አንድ በአንድ ከመመርመር በኬሚካሉ አጥቦ በሕይወት የቀረውን ማንሣት ነው።

በዚህ መንገድ ዳፍ የሚል ስም የተሰጣቸው ብዙ ዘረ-መሎች ተለዩ። አንዳንዶቹ ሲበላሹ ትሉ ምግብ ሞልቶለት ሳለ ዳወር ይሆናል፤ ሌሎቹ ሲበላሹ በረኀብም ቢሆን ዳወር አይሆንም። ሁለቱን ብልሽት በአንድ ትል ላይ ስታዋህዱና የማን ጠባይ እንዳሸነፈ ስታዩ፣ በሰንሰለቱ ውስጥ ማን ከማን በፊት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ዶናልድ ሪድልና ባልደረቦቻቸው ማንም ፕሮቲኖቹን ሳያያቸው በፊት የትእዛዙን ቅደም ተከተል የዘረጉት በዚህ በንጹሕ አመክንዮ ነው። በዘረ-መል ሳይንስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ሥራ የለም። በ1991 ደግሞ ኮርኔሊያ ባርግማንና ሮበርት ሆርቪትዝ ጥቂት የማሽተቻ ነርቮችን በሌዘር አቃጥለው፣ ትሉ ምግብ መካከል ተቀምጦ ዳወር ሲሆን አሳዩ። ምግቡ አልጠፋም፤ የጠፋው «ምግብ አለ» የሚለው ወሬ ነበር።

ከዳፍ ዘረ-መሎች አንዱ፣ ዳፍ-2፣ ሲዳከም የዐዋቂው ትል ዕድሜ ከእጥፍ በላይ እንደሚረዝም ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቻቸው በ1993 አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲነበብ የኢንሱሊን ተቀባይ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ብዙ ስለተባለ እዚህ አልዘገይም።

የሁለቱ ትሎች መገናኛ ዳፍ-12 ነው። ይህ ዘረ-መል የሚሠራው ፕሮቲን ሆርሞን ይቀበላል፤ ሆርሞኑ ዳፋክሮኒክ አሲድ ይባላል፤ ከኮሌስትሮል የሚሠራ ነው። ሕይወት ሲመቻች ትሉ ሆርሞኑን ይሠራል፣ ዕድገትም ይቀጥላል። ሆርሞኑ ሲጠፋ ዳፍ-12 ትሉን ወደ ዳወር ይወስደዋል። በ2010 የሶመር ቡድን ይኸው ሆርሞን በፕሪስቲዮንከስ አፉንም እንደሚመራ አሳየ፤ ሆርሞኑ ሲጨመርላቸው ትሎቹ ወደ ጠባቡ አፍ አዘነበሉ። ለመጠበቅ ያገለግል የነበረው መሣሪያ ጥርስ ለመምረጥም ዋለ። ቤት ስንሠራ የቆየውን በር አንሥተን ለአዲሱ ክፍል እንደምናደርገው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ለእኛ ገበሬ ልጅ ምኑ ነው?» ብላችሁ እንደምታስቡ ይገባኛል። እኔም በልቤ የያዝሁት ይህንኑ ነው። የመንጠቆ ትልን ሁላችሁም ታስተምራላችሁ። እንቁላሉ ከዐይነ ምድር ጋር እርጥብ አፈር ላይ ይወድቃል፤ እጩ ተፈልፍሎ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አይበላም፤ ይጠብቃል፤ ባዶ እግር ሲያገኝ በቆዳ ይገባል። አንጀት ደርሶ ደም ይመጥጣል፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ገርጥቶ፣ ደክሞት ይቀመጣል። ያ የሚጠብቀው እጭ በብዙ ነገሩ ዳወርን ይመስላል። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ሌላው የአንጀት ትል ይበልጥ ያስገርማል። እጩ ከሰው ሲወጣ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በቀጥታ ሰው የሚይዝ እጭ ይሆናል፣ ወይ አፈር ውስጥ ነጻ ኑሮ ኖሮ፣ ወንድና ሴት ሆኖ ተጋብቶ፣ ልጆቹ ሰው የሚይዙ ይሆናሉ።

በ2009 ሁለት የተለያዩ ጥናቶች ይህን በር አንኳኩ። ዳፋክሮኒክ አሲድ ለስትሮንጂሎይደስ እጮች ሲሰጣቸው ሰው ወይም እንስሳ ወደሚይዘው ደረጃ መግባት ትተው በነጻ ኑሮ መንገድ ማደግ ቀጠሉ። ከጥንዚዛ ሬሳና ከብስባሽ ውስጥ በተለቀሙ፣ ማንንም በማይጎዱ ትሎች የተማርነው ሆርሞን የሰውን ጥገኛ ትል መንገድ አሳተ። ይህ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ መድኃኒት ቤት የሚሸጥ አይደለም። ጫማና መጸዳጃ ቤት፣ በትምህርት ቤት የሚታደለው ክኒንም ቦታቸውን አይለቁም። ግን የዚያን እጭ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አሁን በስሙ እናውቀዋለን፤ በስሙ የታወቀ ጠላት ደግሞ ዒላማ አለው።

መጨረሻ ላይ አንድ መምህር «ለተማሪ ምን ላሳይ? ፕሪስቲዮንከስ የለኝም፣ ማይክሮስኮፑም አንድ ነው» አሉኝ። አንድ ይበቃል። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛውን ክፍል ቁረጡ፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንገቱን ወደ ታች አቁሙት። ከግቢያችሁ አትክልት ሥር፣ የሰው ቆሻሻ ከማይደርስበት፣ እርጥብ ብስባሽ አፈር አንድ እፍኝ ያህል በስስ ጨርቅ ቋጥሩና ከላይ በተቆረጠው ሰፊ ጫፍ ላይ አስቀምጡ፤ አፈሩን እስኪነካ ውሃ ሙሉበት፤ ይደርበት። ትሎቹ ከጨርቁ ሾልከው ይወጣሉ፤ መዋኘት ስለማይሆንላቸው ወደ ክዳኑ ይሰምጣሉ። ጠዋት ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብታ ስላይድ ላይ አሳርፉ፤ እጃችሁንም ታጠቡ። በአነስተኛው ማጉያ እየተጠማዘዙ ታገኟቸዋላችሁ። ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሆነ ካልታወቃችሁ ጉሮሮውን ፈልጉ፤ በብዙዎቹ ላይ ከአንደኛው ጫፍ ገባ ብሎ እንደ ልብ የሚመታ ክብ ነገር ይታያል። አፉ በዚያ በኩል ነው።